በአንዲት ፊደል የጠፋ ዓመት

ኮሌጅ ለመመዝገብ በሁለት ኅዳር ነው የሄድሁት። መጀመሪያ ከጓደኛዬ ጋር፣ ሁለተኛ ብቻዬን። በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት አለ። ያን ዓመት ሳስበው ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። የኮሌጁን ስም አልጽፍም፤ መስኮቱ ላይ የነበረውን ሰውዬም ስሙን አልጠራም። ብጠራውም የሚያፍር አይመስለኝም።

ጓደኛዬና እኔ የስማዳ ልጆች ነን። ቤታችን ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እሷ በሒሳብ ትበልጠኛለች፣ እኔ በአማርኛ። ፈተና ሲደርስ እሷ ለእኔ ሒሳቡን ታሳየኛለች፣ እኔ ደግሞ ድርሰቷን አርምላታለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣንም፤ ለመምህርነት ኮሌጅ ግን በቃን። ስማችን ወረዳው ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ያየች እሷ ናት። ለገበያ ወርዳ ነበር። የገዛችውን ጨው እንደያዘች ቤቷ ሳትገባ እኛ ቤት መጣች።

«ወጥተናል» አለችኝ። «ሁለታችንም።»

ምን ይዘን እንደምንሄድ የነገረን ሰው አልነበረም። ማስታወቂያው «አስፈላጊውን ማስረጃ በመያዝ» ይላል። አስፈላጊው የትኛው እንደሆነ አይልም። እኛም አንዱን ስንጠይቅ ሌላ፣ ሌላውን ስንጠይቅ ሌላ እየጨመረልን ያገኘነውን ወረቀት ሁሉ ሰበሰብን። የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የአሥራ ሁለተኛ ውጤት፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ ያለው ትራንስክሪፕት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የሁሉም ኮፒ። ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ወገዳ ሦስት ቀን ተመላለስን፤ ሁለቱን ቀን መብራት አልነበረም። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለን፣ አንሶላና ብርድ ልብሳችንን አስረን ተነሣን።

ወሩ ኅዳር ነው። የአባቴ ገብስ ደርሶ ነበር። አጨዳውን ለአጎቴ ትቶ «ሴት ልጆች ብቻችሁን አትሄዱም» ብሎ ተከተለን። በማለዳ አውቶቡስ ከወገዳ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይዘን ኮሌጁ ያለበት ከተማ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አባቴ ክርስትና ያነሣው ልጅ እዚያ ይኖራል፤ እሱ ቤት አደርን።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። ሰልፉ ከሬጅስትራሩ መስኮት ተነሥቶ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ከጧት ቆመን ከቀትር በኋላ ተራችን ደረሰ። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ጎንበስ ካላለ ውስጥ ያለውን አያይም። ሰውየው ግን ቀና ብሎ አያይም። ሻይ ከፊቱ አለ፤ ወረቀቱን ይገልጣል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል።

የስምንተኛ ካርዴንና የአሥራ ሁለተኛ ውጤቴን ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ይኼ የአያት ስም የማን ነው?»

«የአያቴ ነው» አልሁ።

«ስምንተኛ ላይ በኬ ነው የተጻፈው። አሥራ ሁለተኛ ላይ በኪው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። በእንግሊዝኛው አንዲት ፊደል ትለያያለች።

«በአማርኛው እኮ አንድ ነው» አልሁት።

«እኔ የምሠራው በእንግሊዝኛው ነው። ቀጣይ።»

ቀጣይዋ ጓደኛዬ ናት። የእሷም ያው ሆነ። የአባቷ ስም አንዱ ላይ ኤች አለው፣ አንዱ ላይ የለውም። ሁለታችንም አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፤ ካርዳችንንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። ሲጽፈው የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበርን። ትክክል ይሁን አይሁን ማን ጠይቆን።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ እኔ አባቷ ነኝ። ስሙ የአባቴ ስም ነው። እኔ አላውቀው? አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለት አባት የለኝም።»

«አንተ፣ ከመስኮቱ ዞር በል» አለው ሰውየው። «የማናግረው ተማሪዋን ነው።»

አባቴን እኔ አንተ እለዋለሁ፤ ልጁ ነኝ። ከእኔና ከወንድሞቼ፣ ከእናቴም በቀር ግን አንተ የሚለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቱ አንቱ ይለዋል። ቄሱ አንቱ ይሉታል። ግብር ሊሰበስብ የመጣ ሰው አንቱ ይለዋል። ያ ሰውዬ ዕድሜው ከታላቅ ወንድሜ አይበልጥም፤ ቀና እንኳ ሳይል አንተ አለው። አባቴ «እሽ ጌታዬ» ብሎ ባርኔጣውን እንደያዘ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያያል። ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥሁት፤ ወረቀታችን በእጁ ነበር።

«ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤታችሁ አምጡ» አለን። «እስከ ሐሙስ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለችው ጓደኛዬ። «የመጣነው ከስማዳ ነው።»

«ቀኑን እኔ አላወጣሁትም።»

ከግቢው ስንወጣ አባቴ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። እኔ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ለምን ዝም አልኸው?»

«የመንግሥት ሰው ነው፤ ተይው።»

«የመንግሥት ሰው አንቱ ማለት አያውቅም?»

«አንተ ቢለኝ ምኔ ይጎድላል? ወረቀቱን ይቀበላችሁ እንጂ።»

ይኼ አነጋገሩ ከሰውየው ስድብ ይልቅ አናደደኝ። እስከ መካነ ኢየሱስ ድረስ አላናገርሁትም። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ንዴቴን ያወጣሁት በማይመለከተው ሰው ላይ ነው። አጨዳውን ጥሎ የመጣ እሱ፣ የተዋረደ እሱ፣ የተኮረፈም እሱ።

ማክሰኞ ማታ ቤት ገባን፤ ረቡዕ ጧት ትምህርት ቤት ሄድን። ጸሐፊው ደብዳቤውን ለሁለታችንም ወዲያው ጻፈው። ጥሩ ሰው ነበር። ችግሩ ማኅተሙ ነው።

«ማኅተሙ ርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለን።

«እሳቸውስ?»

«ለስብሰባ ሄደዋል።»

«ቁልፉስ?»

«ይዘውት ሄደዋል።»

ረቡዕን ሙሉ ቀን ከቢሮው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዋልን። የአንድ ትምህርት ቤት ሥራ በአንድ ሰው ኪስ ተቆልፎ ይሄዳል፤ ማንም አያፍርበትም። ጓደኛዬ «ነገ በማለዳ ይመጡ ይሆናል» ትላለች። እሷ እንደ እኔ አትናደድም። ስትጨነቅ ጥፍሯን ትነክሳለች እንጂ ክፉ ቃል አይወጣትም።

ርእሰ መምህሩ የመጡት ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ደብዳቤውን ሳያነቡት ማኅተም መቱበት። እየሮጥን ወገዳ ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። እህል የጫነ አይሱዙ ለመንን፤ ጆንያው ላይ አወጡን። አባቴ በዚህኛው ጉዞ አልነበረም፤ ሰማዩ ዳምኖ ስለነበር የታጨደው ገብስ ሳይከመር ዝናብ እንዳያገኘው ቀርቷል። መኪናው መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ሹፌሩ መለዋወጫውን ሲያወጣ እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሐሙስ እዚያ መንገድ ዳር፣ አቧራ እየቃምን አለቀ። መካነ ኢየሱስ አድረን ኮሌጁ የደረስነው ዓርብ ከቀትር በፊት ነው።

ሰልፍ የለም። መስኮቱ ግን ክፍት ነው። ሰውየውም አለ፤ ቅጾቹን እየደረደረ ነበር።

«ደብዳቤውን አምጥተናል» አልሁት።

«ምዝገባ ትናንት አልቋል።»

«መኪና አጥተን ነው ጌታዬ» አለች ጓደኛዬ። «ማኅተሙም ተቆልፎ ነበር። ትናንት መንገድ ላይ ነው የዋልነው።»

«ለሚቀጥለው ዓመት።»

ሁለቱን ደብዳቤ በመስኮቱ አስገባሁለት። በእጁ አልነካቸውም። በያዘው ብዕር ጫፍ ገፍቶ መለሳቸው። ያቺ ብዕር እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

«አንተ ልጅ የለህም?» አልሁት።

ቀና አለ። ፊታችንን ያየው ያኔ ገና ነው።

«ምን አልሽ?»

«አንተ ነው ያልሁህ። አባቴን አንተ ስትለው ሰምቼሃለሁ።»

መስኮቱን ዘጋው። ጓደኛዬ በነጠላዬ ጫፍ ጎተተችኝ። ወደ ኮሌጁ ዲን ቢሮ ሄድን፤ ጥበቃው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። እስኪወጡ እንጠብቃለን አልነው። ቢሮው እስኪዘጋ ጠበቅን፤ የወጣ ሰው የለም። በሌላ በር ሄደው ኖሯል።

ያን ቃሌን ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ። አንተ ባልለው፣ ሁለታችንም ተንበርክከን ብንለምነው፣ ምናልባት ይጽፈን ነበር። ጓደኛዬ አንድም ቀን «በአንቺ ነው» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ እንደገና እናደዳለሁ፤ ትክክለኛ ወረቀት የያዘ ሰው ለምን ይንበረከካል?

«ለሚቀጥለው ዓመት» የሚለው ቃል ለሰውየው ቀላል ነው። የቀን መቁጠሪያ ይለውጣል፣ ሌላ መዝገብ ይከፍታል፣ በቃ። እኛ አገር አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ልጅ ግን ዓመት አይጠበቅላትም። ተማሪ እስከሆነች ድረስ ትምህርቷ አጥሯ ነው። ትምህርቱ ሲቆም አጥሩ ይፈርሳል፤ ሽማግሌ ይገባል።

ለጓደኛዬ ሽማግሌ የተላከው ገና ታኅሣሥ ሳያልቅ ነው። ለእኔም መጡ። እናቴ ሽማግሌዎቹን አስቀምጣ፣ ጠላ ቀድታ፣ «ልጄ ተማሪ ናት» አለቻቸው።

«የየት ተማሪ?» አሏት።

«የመጪው ዓመት ተማሪ» አለች።

ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። አባቴም ከጥግ ሆኖ «እናቷ የተናገረችው ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

የጓደኛዬ እናት ከሞተች ቆይታለች። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም። ሄጄ ለመንሁት፤ «አንድ ዓመት ብቻ ይጠብቋት» አልሁት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ልኬያት ነበር» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ነው የላክኋት። ኮሌጁ አልቀበልም ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቱን ነበር። ሰውየው በአንዲት ኤች የመለሳትን ልጅ፣ አባቷ በምን ቃል ያቆያታል? ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ባህል ነው፣ ድንቁርና ነው ይሉታል። ስለ እኛ አገር ሴት ልጆች ያለ ዕድሜና ያለ ፈቃድ ጋብቻ ስብሰባ ይጠራል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል። ያቺን መስኮት ግን ባነሩ ላይ ጽፏት ያየሁት ሰው የለም።

ጥር ላይ አገባች። ሚዜዋ እኔ ነበርሁ። ፀጉሯን ሲሠሯት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለችና «እንግዲህ ሒሳቡን ማን ሊያሳይሽ ነው?» አለችኝ። ሳቅ አስመስላ ነው ያለችው። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። በሠርጓ ቀን እንዳላለቅስባት ብዬ ነው።

ያን ዓመት ለእናቴ ውኃ እየቀዳሁ፣ ከአባቴ ጋር ባቄላ እያረምሁ አሳለፍሁት። በዓመቱ ኅዳር ስሜ እንደገና ወጣ። አባቴ ሊከተለኝ ተነሣ።

«አንተን እዚያ አልወስድህም» አልሁት።

ገባው መሰለኝ፤ ቀረ። መካነ ኢየሱስ ድረስ የሚሸኘኝ አጎቴ ሆነ፤ ከዚያ ብቻዬን ሄድሁ። በምዝገባው የመጀመሪያ ቀን፣ ግቢው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርሁ። ሰልፉ ላይ ሦስተኛ ሆንሁ። ደብዳቤውን ከሁሉም በላይ አድርጌ ይዤዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ቀኑን አሳድሼዋለሁ፤ ማኅተሙ ደብዝዟል እንዳይለኝ ሁለት ጊዜ አስመትቼዋለሁ።

ያው ሰው ነበር። ያው መስኮት። ወረቀቴን ተቀበለኝ። ደብዳቤውን አንሥቶ ሳያነበው ጎን አደረገው። ካርዶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገ፣ ቅጹ ላይ ቁጥር ጻፈ፣ ማኅተም መታ።

«ቀጣይ» አለ።

አልተንቀሳቀስሁም።

«ደብዳቤውን አላነበቡትም» አልሁት።

«የምን ደብዳቤ?»

«የአያቴ ስም ይለያያል። ስምንተኛው ላይ በኬ ነው፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ በኪው።»

ወረቀቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። አላወቀኝም። ከፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ክፋትም አልነበረም።

«ያው ሰው ነሽ አይደል?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ሂጂ፣ ዶርም ተመደቢ።»

ከኋላዬ ያለችው ልጅ በክርኗ ገፋችኝ፤ ወጣሁ። የተመዘገቡት ልጆች ግቢው ውስጥ በስልካቸው ፎቶ ይነሣሉ፣ ለቤተሰባቸው ይደውላሉ። እኔ ሬጅስትራሩ ሕንፃ ጀርባ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። መመለስና መስኮቱን መስበር አማረኝ። ያን ጥያቄ ዓምና ቢጠይቀን፣ ሁለታችንም «ነን» ብለን እንገባ ነበር። መመሪያ ቢሆን ኖሮ እሽ፣ መመሪያ ነው እል ነበር። መመሪያ አልነበረም። ዓምና ሰኞ ከቀትር በኋላ ደክሞት ይሁን፣ ሻዩ ቀዝቅዞበት ይሁን፣ እግዜር ይወቀው። ዘንድሮ ጧት ነው፤ አልደከመውም። በዚህ መካከል አንዲት ሰው ተዳረች።

እናቴ ጋ ደውዬ «ተመዘገብሁ» አልኋት። እልል ስትል ሰማኋት። ስለ ደብዳቤው አልነገርኋትም።

ጓደኛዬን ያየኋት ለፋሲካ ዕረፍት ስመለስ ነው። ያገባችው ታች ጋይንት ነው፤ ዓርብ ቀን አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ እንደምትወጣ ስለሰማሁ እዚያ ሄጄ ፈለግኋት። ምስር ይዛ ተቀምጣለች፤ ልጇን አዝላለች። ሳመችኝ፣ አቀፈችኝ፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ መምህራኑ ሁሉ ጠየቀችኝ። ሒሳብ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ሲ አገኘሁ» አልኋት፤ ከልቧ ሳቀች።

ከዚያ ነገርኋት። ደብዳቤውን ሳያነበው እንደተወው፣ «ያው ሰው ነሽ አይደል» እንዳለኝ። ለምን እንደነገርኋት አላውቅም። ንዴቱን ብቻዬን መሸከም ከብዶኝ ይመስለኛል።

አንድ ሴትዮ ምስር ልትገዛ ቆማ ነበር። ጓደኛዬ ሰፍራ ሰጠቻት፣ መረቀችላት። ሴትዮዋ ስትሄድ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አለችኝ። «እኔ እኮ መመሪያ ነው ብዬ ነበር የተቀመጥሁት።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እንጠያየቃለን፤ ሁለተኛ ልጇን ክርስትና ያነሣሁላት እኔ ነኝ። ግን በመካከላችን ያን ቃል እንዞረዋለን።

ኮሌጁን ጨርሻለሁ። አሁን እስቴ ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የስምንተኛ ክፍል ካርድ ሲሠራ ልጆቹን አንድ በአንድ እጠራና የእንግሊዝኛ ስማቸውን ራሳቸው እንዲያዩት አደርጋለሁ። ባልደረቦቼ ታበዢዋለሽ ይሉኛል። ለመመዝገብ የሚሄዱትን ሴቶች ልጆች ደግሞ ምን እንደሚይዙ በወረቀት ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፤ ስማቸው ሁሉም ላይ አንድ መሆኑን አብሬያቸው አያለሁ። ከመጨረሻው ቀን ቀድመው እንዲሄዱም እነግራቸዋለሁ። ይኼ ሁሉ ንዴቴን አላበረደውም።

በዚህ ዓመት ጾም ላይ የንስሐ አባቴ ቂም እንዳለብኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ቂም ይዘሽ አትቁረቢ አሉኝ።

«ይቅር በይው» አሉኝ።

«አባ፣ የእኔን ይቅር ብዬዋለሁ» አልኋቸው። «አንድ ዓመት ነው የወሰደብኝ፤ ተመለሰልኝ። የእሷን ግን በምን ሥልጣን ይቅር እላለሁ?»

«እሷስ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«አልጠየቅኋትም» አልሁ። «መጠየቁን እፈራለሁ።»

«እንግዲያ ገና አልጨረስሽም» አሉኝና ስግደት ጨመሩብኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ሰውየው እስከ አሁን እዚያው መስኮት ላይ ነው ይሉኛል፤ ባለፈው ኅዳር የላክኋቸው ልጆች ያዩት እሱን ነው። አንዷን አንቺ፣ አባቷን አንተ አላቸው። ልጅቷ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔ አልሳቅሁም።